የአማተር ብስክሌተኛ የክረምት ልምምድ፦ ከዝዋይ ሜዳ እስከ ዘቢዳር ግርጌ

የክረምት ልምምድ የሚባለው፣ ዝናብ፣ ብርድና ጭቃ መንገዱን በሚያከብዱባቸው ወራት የጎዳና ብስክሌተኛ በበጋ ያካበተውን አቅም እንዳያጣና ለሚመጣው ወቅት መሠረት እንዲጥል የሚሠራው ሥራ ነው። ባለሙያ ተወዳዳሪን በእነዚህ ወራት ቡድኑ ወደ ሞቃት አገር ይወስደዋል፤ የአውሮፓ ቡድኖች በታኅሣሥና በጥር ወደ ስፔን ጠረፍ፣ ወደ ካልፔና ወደ ማዮርካ ደሴት ይወርዳሉ። አማተሩ ግን ያለው የሚኖርበት ከተማ፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት የሚተርፈው ጥቂት ሰዓትና አንድ ብስክሌት ነው። ለእርሱ ዋናው ጥያቄ ከዚህ ጥቂት ሰዓት ውስጥ የትኛውን ልምምድ ይዞ የትኛውን ይተው የሚለው ነው። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን በጉራጌ አገር ካሉት ከእንሴኖ፣ ከቡታጅራና ከአካባቢያቸው መንገዶች አንፃር ይመለከታል። መልሱም በአጭሩ ይህ ነው፦ በክረምት የልምምዱ ርዝመት ማጠር ይችላል፤ ብርታቱና ተከታታይነቱ ግን መጓደል የለበትም።

የቅዝቃዜው ዓይነት

ስለ ክረምት ልምምድ የተጻፈው አብዛኛው ምክር የመጣው ከሰሜን አውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ነው። በኦስሎ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀኑ ብርሃን ከ6 ሰዓት አይበልጥም፤ አስፋልቱን በረዶ ይሸፍነዋል፤ ሠራተኛው ከቤቱ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይመለሳል። የቤት ውስጥ መለማመጃ መሣሪያዎች እዚያ የተስፋፉት በዚህ ምክንያት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዝዊፍት፣ ብስክሌተኞች ከሳሎናቸው ሳይወጡ በኮምፒዩተር መንገድ ላይ አብረው እንዲጋልቡ የሚያደርገው አገልግሎት፣ ገበያውን ያገኘው ከዚሁ ችግር ነው።

በጉራጌ አገር ሁኔታው ሌላ ነው። ቦታው ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀናት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በሐምሌም ሆነ በታኅሣሥ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለመጋለብ በቂ ብርሃን አለ። ቅዝቃዜውም ከሰሜኑ ጋር አይወዳደርም፤ በአዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እዚህ የሚያስቸግረው ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር ሳይሆን እርጥበትና ነፋስ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። በ8 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ቆዳው ላይ የሚሰማው ብርድ የ3 ዲግሪ ያህል ነው። ልብሱ ከራሰ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፣ ውሃ የሰውነትን ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአየር 25 ጊዜ ያህል በላቀ ፍጥነት ነውና።

ከዚህ አንፃር ለኢትዮጵያ ደጋ የሚቀርበው ትምህርት ከኦስሎ ይልቅ ከሌሎች የሞቃት ቀጠና ተራራማ አገሮች ይገኛል። በ2014 እ.ኤ.አ. ጂሮ ዲታሊያን ያሸነፈው ናይሮ ኪንታናና በ2019 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ኤጋን ቤርናል ያደጉት ከ2,600 ሜትር በላይ ባሉ፣ ዝናብና ብርድ በማይለያቸው የኮሎምቢያ ደጋዎች ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ቢንያም ግርማይ ከአስመራ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይም የወጣው ከ2,000 ሜትር በላይ ከምትገኘው መቀሌ ነው። እነዚህ ሁሉ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ዓመቱን ሙሉ ከቤት ውጭ በሚጋለብበት አገር ነው። እውነተኛው የሰሜን ክረምት የሚገጥማቸው በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ለምሳሌ ከትግራይ ወጥታ በፈረንሳይ የኖረችውና በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን የተወዳደረችው እየሩ ገብሩ። ለእነርሱ የቤት ውስጥ መሣሪያው አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ይሆናል።

የመንገዱ አቀማመጥ

እንሴኖ የምሥራቅ መስቃን ወረዳ ከተማ ናት፤ የምትገኘውም ከቡታጅራ ወደ ቆሼና ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቡታጅራ በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች፤ የተራራው ጫፍ ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ደግሞ በ1,640 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንሴኖ በሁለቱ መካከል፣ ደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርድበት ዘንበል ላይ ናት።

ይህ አቀማመጥ ለክረምት ልምምድ ትልቅ ጥቅም አለው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት የሐይቁ ዳርቻ ከቡታጅራ በ3 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ የዘቢዳር ጫፍ ደግሞ በ10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ወደ ሐይቁ በተወረደ መጠን ዝናቡም እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ቡታጅራ ላይ ጉም ተኝቶ ሲያካፋ ወደ ቆሼ አቅጣጫ የሚወርድ ሰው ብዙ ጊዜ ደረቅ አስፋልት ያገኛል።

ከቡታጅራ እስከ ዝዋይ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በጠቅላላው የሚወርደው 460 ሜትር ገደማ ነው፤ ተዳፋቱ በአማካይ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ዓይን ሜዳ ነው የሚለው፣ እግር ግን ዳገትነቱን የሚያውቀው እንዲህ ያለ መንገድ፣ ሲመለሱበት ፔዳል ሳያቋርጡ መምታትን የሚያስገድድ በመሆኑ ለጽናት ልምምድ እጅግ ይመቻል። ከቡታጅራ ወደ ምዕራብ ወደ ዘቢዳር ሽቅብ የሚወጣው ደግሞ ለአጭርና ለብርቱ ልምምድ ይሆናል። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤም የራሷ ዕድል አላት፤ ከከተማዋ አልፎ ወደ ግቤ ሸለቆ የሚወርደው ቁልቁለት ከደጋ ወደ ቆላ የሚያሻግር ሲሆን ሲመለሱበት ረጅም ዳገት ይሆናል።

ከፍታው በልምምዱ መጠን ላይም ለውጥ ያመጣል። በ2,100 ሜትር የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ያህል ነው፤ በዘቢዳር ጫፍ ወደ 63 በመቶ ይወርዳል። ትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ በባሕር ጠለል ከተጻፈ መጽሐፍ የተወሰደ የፍጥነትም ሆነ የዋት ቁጥር እንዳለ አይሠራም። የሚሻለው መለኪያ የራስ ስሜት ነው። ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ያዘጋጀው የድካም መለኪያ ከ6 እስከ 20 የሚቆጥር ሲሆን ያለ ምንም መሣሪያ ይሠራል። ከዚያም ቀላሉ የንግግር ፈተና ነው፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ መጋለብ ከተቻለ ልምምዱ ቀላል ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ከወጣ ከብዷል፤ መናገር ጭራሽ ካልተቻለ ከሁሉ በላይ በበረታው ደረጃ ላይ ነው።

ልምምድ ሲቋረጥ

ብዙ አማተር ሰኔ ሲገባ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለመስቀል ያወርደዋል። የዚህ ዋጋ በጥናት ተለክቷል። ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ በደንብ የሠለጠኑ ሯጮችና ብስክሌተኞች ልምምድ ሲያቋርጡ ተከታትለዋል። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በመጀመሪያዎቹ 12 እስከ 21 ቀናት በ7 በመቶ፣ በ56 ቀናት ደግሞ በ16 በመቶ ቀንሷል። በመጀመሪያ የሚቀንሰው የደሙ ፈሳሽ መጠንና ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ነው፤ በጡንቻ ውስጥ ያለው ለውጥ ቀስ ብሎ ይከተላል። ክረምቱን በሙሉ ያልጋለበ ሰው መስከረም ላይ ዳገቱ ረዘመብኝ ቢል አይደንቅም።

ተስፋ የሚሰጠው ሌላው የጥናት ዘርፍ ነው። ሮበርት ሂክሰንና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተከታታይ ሙከራዎች አድርገዋል። በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ለ10 ሳምንት የሠለጠኑ ሰዎች ከዚያ በኋላ ለ15 ሳምንት ልምምዳቸው እንዲቀነስ ተደረገ። ቀናቱ ከ6 ወደ 4 ወይም ወደ 2 ሲወርዱ ከፍተኛው የኦክስጅን አቅም አልተነካም። ደቂቃው ወደ 26 ወይም ወደ 13 ሲያጥርም ይኸው አቅም ጸንቶ ቆየ፤ 13 ደቂቃ ብቻ በሠሩት ላይ ግን ረጅም ጊዜ የመጽናት ችሎታ ቀነሰ። ብርታቱ ሲቀነስ ግን አቅሙ ወደቀ። ለክረምት አማተር ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ግኝት የለም። ዝናብ የሚወስድበት ሰዓትን ነው፤ ብርታትን ግን ራሱ ካልተወው በቀር ዝናብ አይወስድበትም።

የልምምዱ ይዘት

የክረምት ልምምድ በሦስት ሥራዎች ይቆማል፦ ረጅምና ቀላል ግልቢያ፣ አጭርና ብርቱ ግልቢያ፣ የጉልበት ሥራ።

ረጅሙ ግልቢያ በጡንቻ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮችና ኃይል አመንጪዎቹን ሚቶኮንድሪያዎች ያበዛል፤ ሰውነት ስብን እንደ ነዳጅ መጠቀምን ይለምዳል። ተመራማሪው ስቲቨን ሳይለር በታላላቅ የጽናት ስፖርተኞች ላይ ባደረገው ጥናት ከልምምዳቸው 80 በመቶ ያህሉ ቀላል፣ ቀሪው ብርቱ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ክፍፍል ግን በሳምንት 20 ሰዓት ለሚጋልብ የተስተዋለ ነው። በሳምንት 5 ሰዓት ያለው አማተር ከዚያ መውሰድ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ቀላሉን ከልብ ቀላል፣ ብርቱውን ከልብ ብርቱ ማድረግ። ሁልጊዜ በመካከለኛ ድካም የሚጋልብ ሰው ሳያርፍም ሳይበረታም ክረምቱ ያልፍበታል።

ለአጭሩና ለብርቱው ልምምድ በብዙ አገር የተለመደው አራት ጊዜ አራት ደቂቃ ነው። ከ15 ደቂቃ ማሟሟቂያ በኋላ ለ4 ደቂቃ ከከፍተኛው የልብ ምት ከ90 እስከ 95 በመቶ በሚደርስ ብርታት ይጋለባል፤ 3 ደቂቃ በቀላሉ ይታረፋል፤ ይህ አራት ጊዜ ይደገማል። ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ልብ በመጀመሪያው ደቂቃ ገና እየተነሳች ስለሆነ የመጀመሪያውን ዙር ቆጠብ ብሎ መጀመር ያስፈልጋል፤ የልምምዱ ልክ የሚታወቀው አራተኛው ዙር ከመጀመሪያው ሳይዘገይ ሲጠናቀቅ ነው። ዳገት ለዚህ ከሜዳ ይሻላል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሚሆን በእርጥብ አስፋልት ላይ አደጋው ይቀንሳል፣ ነፋሱም አያቀዘቅዝም።

ሦስተኛው የጉልበት ሥራ ነው። ኖርዌያዊው ቤንት ሮንስታድና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ብስክሌተኞች በዝግጅት ወቅት በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንት ከባድ ክብደት ሲሠሩ ብቃታቸው ይጨምራል፤ ያገኙትንም በውድድር ወቅት በሳምንት አንድ ጊዜ በመሥራት ያቆዩታል። ዋናው እንቅስቃሴ ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ሲሆን በአንድ እግር መግፋት፣ ጉልበትን ወደ ላይ መሳብና በእግር ጣት መቆም ይጨመሩበታል። ውድ ጂም አያስፈልግም። በየከተማው ወጣቶች ሁለት የቀለም ጣሳ በስሚንቶ ሞልተው በብረት ዘንግ የሚያያይዙት ክብደት በጥንቃቄ ከተሠራበት ያው ጥቅም ይሰጣል። ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት በቀላል ክብደት አቋሙን ማስተካከል አለበት፤ ጀርባ ከጎበጠ ክብደቱ በዝቷል ማለት ነው።

ከሰኔ እስከ መስቀል

ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 17 ድረስ 112 ቀን፣ ማለትም ልክ 16 ሳምንት አለ። ይህ ጊዜ ለአንድ ሙሉ የዝግጅት ዙር ይበቃል። ሶቪየታዊው ሌቭ ማትቬዬቭ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ባስፋፋው ዘዴ መሠረት ዙሩ በየአራት ሳምንቱ ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ሳምንት እየጨመረ ይሄድና አራተኛው ሳምንት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀነሳል። ሰውነት የሚጠነክረው በዚያ በተቀነሰው ሳምንት ነው።

በሰኔ ሥራው መላመድ ነው፦ ሦስት ቀላል ግልቢያና ሁለት ቀን ቀላል የክብደት ሥራ። ዝናቡ ገና እየገባ ስለሆነ ብስክሌቱና ልብሱ የሚፈተኑትም በዚህ ወር ነው። በሐምሌ ክብደቱ ይከብዳል፤ በሳምንት አንድ ቀን አራት ጊዜ አራት ደቂቃው ይገባል። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ ረጅሙ ግልቢያ ከሁለት ሰዓት ባይበልጥ ምንም አይጎድልም። በነሐሴ ብርቱው ልምምድ በሳምንት ሁለት ይሆናል፤ አንዱ አራት ጊዜ አራት ደቂቃ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ በጠንካራና በተረጋጋ ፍጥነት። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በጳጉሜንና በመስከረም ሰማዩ እየጠራ ሲሄድ የክብደቱ ሥራ ወደ ሳምንት አንድ ይወርዳል፣ ረጅሙ ግልቢያም ወደ ሦስትና አራት ሰዓት ያድጋል። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው መስቀል ሲደርስ ለጥቅምትና ለኅዳር ረጅም መንገድ ዝግጁ ነው።

የአማተሩ ኑሮ ግን የወሩን ቅደም ተከተል ይለውጣል። ተማሪና መምህር ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ሰፊ ጊዜ አላቸው፤ ለእነርሱ አደጋው ልምምድ ማብዛት ነው። ገበሬውና የገበሬ ልጅ ደግሞ እርሻና አረም ላይ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያርም የዋለ ጉልበት የክብደት ሥራውን ሠርቷልና ከዚያ በላይ መጫን አይገባም።

ቤት ውስጥ

ዶፉ ሳያቋርጥ ለቀናት ሲወርድ የቤት ውስጥ ልምምድ ይመጣል። ዘመናዊው መሣሪያ ውድ ነው፣ መብራትና ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ብስክሌቱ ሦስት በርሜል መሰል ተሽከርካሪዎች ላይ ቆሞ የሚጋለብበት የቆየው ዓይነት ግን ከብረትና ከኩሽኔታ የሚሠራ ነው፤ ብረት ቀጥቅጦና በይዶ የሚያድር ባለሙያ ልኩ ከተሰጠው ሊሠራው ይችላል፤ ሚዛን መጠበቅንም ያስተምራል። እርሱም ከሌለ ገመድ ዝላይ፣ ደረጃ መውጣትና ሩጫ ልብን በሚገባ ይሠራሉ። ሩጫ ለብስክሌተኛ ጡንቻ እንግዳ ስለሆነ ከ15 ደቂቃ መጀመር ይሻላል። ቤት ውስጥ ነፋስ ስለማይገኝ ላቡ ይበዛል፤ መስኮት መክፈትና ውሃ አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ልብስ

የክረምት ልብስ መርሁ ሦስት ድርብ ነው፦ ከቆዳ ጋር ላብን የሚያርቅ ቀጭን፣ ከላይ ሙቀት የሚይዝ፣ በመጨረሻ ነፋስና ዝናብ የሚከላከል። ከውስጥ ጥጥ መልበስ አይመከርም፤ ላቡን ይዞ ይቀራል፣ ቁልቁለቱ ላይም ይቀዘቅዛል። ሱፍ ቢረጥብም ይሞቃል። አናት ላይ ደርሶ ወደ ታች ከመውረድ በፊት ጋዜጣ አጥፎ ከሹራብ ሥር ደረት ላይ ማድረግ የድሮ ተወዳዳሪዎች ልማድ ነው፣ ዛሬም ይሠራል።

መጀመሪያ የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን መያዝ አይችልምና ጓንት ለምቾት ሳይሆን ለደኅንነት ነው። ለእግር የተፈተነው ዘዴ ቀጭን ካልሲ፣ በላዩ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማ ነው። ጉልበት መሸፈን አለበት፤ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው ጅማት ቀዝቅዞ ሲሠራ ይጎዳል። እቤት ሲደርሱ እርጥቡን ሱሪ ወዲያው ማውለቅ ይገባል፤ ኮርቻ ላይ የሚወጣው ቁስል መነሻው ብዙ ጊዜ እርጥበት ነው።

ብስክሌቱ

የክረምት ጭቃ ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ሰንሰለት ላይ ሲገባ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከእያንዳንዱ ዝናባማ ግልቢያ በኋላ ብስክሌቱን በውሃ ማጠብ፣ ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ መጥረግ፣ ከደረቀ በኋላ በየመጋጠሚያው ጠብታ ዘይት አድርጎ ትርፉን ማበስ ያስፈልጋል። በግፊት የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ወደ ኩሽኔታ ውስጥ ውሃ ስለሚያስገባ ለብስክሌት አይሆንም።

ፓራፋንጎ ለውበት ሲባል የሚወልቅ ዕቃ አይደለም፤ ጀርባና ወገብ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርገው እርሱ ነው፤ በቡድን ሲጋለብም ለኋለኛው ሰው ፊት ይጠቅማል። ጎማው ሰፋ ያለ ቢሆን፣ ለምሳሌ ከ25 ወደ 28 ሚሊ ሜትር፣ ንፋሱም ትንሽ ቢቀንስ እርጥብ አስፋልትን ይበልጥ ይይዛል። ዝናብ ስለት ያላቸውን ጠጠሮች ከመንገድ ዳር ስለሚያጥብና ጎማ ላይ ስለሚለጥፍ ቀዳዳ ይበዛል፤ ስለዚህ ሁለት ከመነዳሪ፣ መንፊያና ማጣበቂያ መያዝ ግድ ነው፤ እያንዳንዱ ብስክሌተኛም ጎሚስታ ሳይፈልግ ራሱ መለወጥ መቻል አለበት። የቸርኬ ፍሬን በውሃ ሲርስ የመያዝ ኃይሉ ዘግይቶ ይመጣል፤ ከመታጠፊያ አስቀድሞ ለስለስ አድርጎ መንካቱ ውሃውን ጠርጎ ያዘጋጀዋል።

መንገዱ ላይ

በደጋው የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላና ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ወጥቶ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት መመለስ ብዙ ዶፍ ያስመልጣል። ይሁን እንጂ ሳይነጋ መውጣት ስሕተት ነው፤ ጅብም ውሻም ገና መንገድ ላይ ናቸው፣ ሹፌሩም አያይም። ጉም ባለበት ጠዋት ከኋላ ቀይ መብራት፣ ከላይ ደማቅ ልብስ ያስፈልጋል።

በተለመደው ምክር ወደ ዳገቱ ወጥቶ ቁልቁል መመለስ ይመረጣል። በክረምት ግን ለእንሴኖና ለቡታጅራ ብስክሌተኛ ተቃራኒው ይሻላል፤ መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ወርዶ ሽቅብ የሚመለስ ሰው ዝናብ ሲመታው እየሠራ ስለሆነ ሰውነቱ ይሞቃል። ከዘቢዳር አቅጣጫ ረጥቦ ቁልቁል የሚመለስ ግን ፔዳል ሳይመታ ነፋሱ ይበላዋል፤ ቆፈን የሚይዘውም ያኔ ነው። ወደ ተራራው ከተወጣ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ተጠቅልሎ ጀርባ ላይ መኖር አለበት።

ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ካፊያ ከዶፉ ይልቅ ያንሸራትታል፤ ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም። ከጥርጊያ መንገድ የሚወጣ ኢሱዙና ባጃጅ አስፋልቱ ላይ ጭቃ ይጥላል። ውሃ የሞላበት ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅምና በላዩ አይታለፍም። በገበያ ቀን መንገዱ በሰው፣ በአህያና በጋሪ ስለሚሞላ ያ ቀን ለቤት ውስጥ ሥራ ይተው። የአካባቢው የጸጥታ ሁኔታ መንገድ የሚያስዘጋበት ጊዜም ስላለ ከመውጣት በፊት መጠየቅ ብልኅነት ነው።

መብረቅ ከሁሉ የከፋ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ወዲያው ከብስክሌት ወርዶ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ይገባል። ለብቻው በቆመ ዋርካ ሥር መጠለል ሞትን መጥራት ነው። ጉዞው የሚቀጥለው ከመጨረሻው ነጎድጓድ ግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

ምግብና ጾም

በብርድ ጥማት ስለማይሰማ ብስክሌተኛው ውሃ ይረሳል፤ ሰውነት ግን በላብም በትንፋሽም ማጣቱን አያቆምም። በየ15 ደቂቃው ጥቂት መጎንጨት፣ ሻይ ወይም ሞቅ ያለ ውሃ ከስኳር ጋር በጠርሙስ መያዝ ይረዳል። ከ90 ደቂቃ ለሚበልጥ ግልቢያ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይበቃል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ይሰጣል። ከገብስ የሚዘጋጀው በሶ ከማር ጋር ሲበጠበጥ ከውጭ ከሚመጣው የስፖርት መጠጥ በምንም አያንስም። ቆጮ ጥሩ የኃይል ምንጭ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ ከአይብ፣ ከባቄላ ወይም ከሥጋ ጋር ሲበላ ከጉልበት ሥራ በኋላ ጡንቻን ይጠግናል።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ፍልሰታ የሚውለው በልምምዱ መካከል ነው። እስኪገደፍ ድረስ ምንም የማይቀምሱ ሰዎች ብርቱውን ልምምድ ወደ መግደፊያው ሰዓት ማስጠጋት፣ ከገደፉ በኋላም በሽሮ፣ በምስርና በተልባ ፕሮቲንና ስብ መተካት ይችላሉ። በመስቃን አገር ብዙ ሕዝብ የሚጾመው ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ በሚቀጥሉት ዓመታት ቀስ በቀስ ወደ በጋው ብርድ፣ ወደ ጥርና ወደ ታኅሣሥ ይገባል። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ባለው አንድ ሰዓት በቀላሉ መጋለብና ብርቱውን ከኢፍጣር በኋላ ቤት ውስጥ መሥራት አቅምን ያቆያል። አንድ ወር ብርታቱ ሳይጠፋ ርዝመቱ ቢያጥር፣ የሂክሰን ሙከራ እንዳሳየው፣ ከፍተኛው የኦክስጅን አቅም አይጠፋም።

ሕመም

ቀላል የአፍንጫ ጉንፋን ቀላል ግልቢያን አይከለክልም። ትኩሳት፣ የደረት ሳል ወይም የሰውነት ቁርጥማት ካለ ግን ልምምድ ይቆማል፤ በትኩሳት ላይ ብርቱ ልምምድ ልብን ሊጎዳ ይችላል። በዚህ አካባቢ ትኩሳት ጉንፋን ብቻ ላይሆን ይችላል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ባለበት አገር የተደረጉ ጥናቶችም ወባ በሐይቁ ዳር ሜዳ ብቻ ሳይወሰን ወደ ደጋው ጠርዝ እንደሚወጣ አሳይተዋል። ድካምን ከልምምድ ብዛት ነው ብሎ ከመተው በፊት ደም መመርመር ይገባል። ከሕመም በኋላ የሚመለሰው በቀላሉ ግልቢያ ነው፤ ብርቱው ከሳምንት በኋላ ይከተላል።

ከመስቀል ወዲያ

ዝናቡ ሲያቆም ብርዱ አያበቃም። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ከክረምቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በደጋው ውርጭ ይወርዳል። ይህኛው ብርድ ግን ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሳይሞላት ይሸሻል። መፍትሔውም መነሻውን ከ1 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት ማዘግየት፣ ማሟሟቂያውን ማስረዘምና በእጅጌ መሸፈኛ ወጥቶ ሲሞቅ ማውለቅ ነው። በጭቃው ምትክ አቧራና ነፋስ ይመጣሉ፤ ሰንሰለቱም ቀጠን ያለ ዘይት ይፈልጋል።

በክረምት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ብርቱ ልምምድ፣ አንድ ረዘም ያለ ቀላል ግልቢያና አንድ ወይም ሁለት የጉልበት ሥራ ሳያቋርጥ የያዘ አማተር በዚህ በጋ የሚቀረው ርዝመት መጨመር ብቻ ነው። የሰማዩ ሁኔታ ሰዓቱን ቢያሳጥርበትም፣ ደጋና ስምጥ ሸለቆ በአንድ ጠዋት ጉዞ በሚገናኙበት አገር የሚኖር ብስክሌተኛ የሚስማማውን ከፍታ፣ ሙቀትና መንገድ የመምረጥ ዕድል አለው። ልምምዱን የሚያጸናውም ይህን ዕድል አውቆ በየሳምንቱ መጠቀሙ ነው።